ማቲልዳ ገሳይ ብትወለድ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደውን የቻይና መንገድ የሄደበት ሰው ገሳይን ያውቃታል። አውቶብሱ ቆም ሲል የተቀቀለ ድንች ይዘው መስኮት የሚያንኳኩ ልጆች፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ባላገር፣ ከጉና ወርዶ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብርድ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የማውቃት በእህቴ ቤት ነው። እታለም እዚያው አካባቢ ተድራ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አርጅታለች። (አርጅታለች ብዬ መጻፌን ብትሰማ ሌላ ጉድ ነው።)

በ2011 ዓ.ም. በጥር፣ የአስተርእዮ ማርያም ሰሞን ልጠይቃት ሄድኩ። ገና ከበሩ ሳልገባ፣ እግዜር ይመስገን ሳንባባል፣ «አንተ ነህ ይህን ጉድ ያመጣህብኝ!» ብላ ተቀበለችኝ። ምን አጠፋሁ? ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ድርሰት ጽፋ ከአስር ዜሮ አግኝታለች። ዜሮው ብቻ ቢሆን ደግ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ጥንቆላ ነው፤ ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብሎበታል። ወላጅ ሄዳ፣ አፍራ፣ ተቆጥታ ተመልሳለች። ልጅቷም «ማን አስተማረሽ?» ስትባል «ጋሼ ካመጣልኝ መጽሐፍ ነው» ብላ እኔኑ አሳልፋ ሰጥታኛለች።

መጽሐፉን አልክድም። ከዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ አንጥፈው ከሚሸጡ ልጆች የገዛሁት ነው። እንግሊዝኛዋን ታሻሽልበታለች ብዬ። የእንግሊዙ ደራሲ ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው «ማቲልዳ» ነው። ልጅቷ በመዝገበ ቃላት እየታገዘች አምስት ወር ፈጅቶባታል፤ ግን ጨርሳዋለች። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ማቲልዳ መጽሐፍ የምትወድ ትንሽ ልጅ ናት። እናትና አባቷ ከቴሌቪዥን ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ደግሞ ልጅን በሹሩባዋ ይዛ አሽከርክራ የምትወረውር፣ የቀድሞ መዶሻ ወርዋሪ ስፖርተኛ ናት። አንድ ቀን ማቲልዳ በግፍ ስትከሰስ ንዴቷ ዓይኗ ላይ ይሰበሰባል። ትኩር ብላ ስታይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ በርዕሰ መምህርቷ ላይ ይደፋል። ቀስ በቀስ ጠመኔ ያለ እጅ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ እስከማድረግ ደረሰች፤ ጨካኟም ሴትዮ ጠፋች።

እንግዲህ ገሳይ ላይ ቆማችሁ ይህን ታሪክ መልሳችሁ አስቡት። ዓይኗ ኃይል ያላት ሴት ልጅ! ለንደን ላይ ይህ ጨዋታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ለዓይን ኃይል ስም አለን። ስሙ ተረት ውስጥ ብቻ የሚነሳ ስም አይደለም፤ ጎረቤታችን ላይ የምንለጥፈው ስም ነው። ቡዳ። ማቲልዳ ገሳይ ብትወለድ ኖሮ መጽሐፍ አይጻፍላትም፤ እንጀራ ስንበላ ፊታችንን እናዞርባት ነበር።

የእህቴ ልጅም ይህን አልሳተችውም። በእንግሊዝኛ ያነበበችውን በአማርኛ ጻፈችው፤ ዜሮ ያስገኘላትም ይኸው ነው። ድርሰቷን እህቴ ከፍራሹ ሥር ደብቃው ነበርና አውጥታ ሰጠችኝ። አራት ገጽ ነው። አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ሌሊት ሸክላ የተተኮሰበት እሳት ጠፍቶ እንደሆን እንድታይ ትላካለች። እዚያ ስትደርስ አንዲት ጅብ ፍሙ ዳር ተቀምጣ ብርድ ታባርራለች። ልጅቷ ልትሮጥ ስትል ጅቧ በአማርኛ አናገረቻት። «ሰዎች አንቺን ጅብ ነሽ ይሉሻል፤ እኔን ደግሞ ሰው ነሽ ይሉኛል። ከሁለታችን የማን እንደሚብስ እንጃ» አለቻት። (እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እህቴ ገላመጠችኝ።) ከዚያ ተያይዘው ጉና ተራራ ላይ ይወጣሉ። ተራራው አናት ላይ አንድ ትልቅ ቤት አለ። በሰው ላይ የተነገረ ክፉ ነገር ሁሉ በእንስራ በእንስራ እየሆነ የሚቀመጥበት ጎተራ ነው። ልጅቷ በአያቷ ላይ የተነገረውን እንስራ ታገኘዋለች። በእናቷ ላይ የተነገረውንም። ልትሰብራቸው ድንጋይ ስታነሳ አንድ ነገር ታያለች፤ እንስራዎቹ አንገት ላይ ያለው የጣት አሻራ የእናቷና የአያቷ ነው። ማለት ሰዎቹ ስድባቸውን የሚያስቀምጡበትን ዕቃ የገዙት ከተሰዳቢዎቹ ነው።

ድርሰቱ እዚህ ላይ ይቆማል። «ሰዓት ስላለቀ» ብላ ከሥሩ ጽፋበታለች።

እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔ በበኩሌ በሠላሳ ዓመት የጋዜጣ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ከአስር ዜሮ!

ድርሰቱ ስለ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። አብራት አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረቻት። እናቷ ምጣድና ገንቦ እየሠራች የምትሸጥ። ልጆቹ ምሳ ሲበሉ ጀርባቸውን ይሰጧታል፤ አንድ ልጅ ሆዱን ሲያመው «እሷ ስላየችው ነው» ተባለ። በዚያው ትምህርቷን ተወች። መምህሩ «ጓደኛሽን አሳፈርሻት» ብሎ ቢቆጣ ኖሮ እጅ እነሳው ነበር፤ ሊባል የሚገባው ነውና። እሱ ግን የተቆጣው በጅቧ መናገር ነው።

ሄጄ አነጋገርኩት። (የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ቢሆን ያው ነበር።) ወጣት፣ ትሑት፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ በጥንቆላ የማምን ሆኜ አይደለም፤ ሃይማኖትም ሳይንስም አይፈቅደውም፤ ልጆችን በዚህ ዓይነት የፈረንጅ ቅዠት መበከል ግን ልክ አይደለም» አለኝ። ተስማማን ማለት ይቻላል። ሻይ ጠጥተን ልንለያይ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግን እነዚያ ሰዎች… ያው ያውቋቸው የለ?»

እኔን ያናደደኝ እንግዲህ ይህ ነው። በልብ ወለድ የሚነገረው አስማት ልጅ ያበላሻል፤ በጆሮ የሚንሾካሾከው አስማት ግን «ያው ያውቋቸው የለ?» ተብሎ ይታለፋል። ወረቀት ላይ ያለችው ጅብ ትቀደዳለች፤ በሰው ላይ የተለጠፈችው ጅብ ትኖራለች። አንድን ሕፃን ቡዳ እንዳይበላው አንገቱ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም የምናስር፣ «እትፍ እትፍ» ሳንል «ያምራል» የማንል ሰዎች፣ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጅብ ስታናግር «ጥንቆላ!» ብለን እንጮሃለን። ፍርሃታችን ከአስማቱ ቢሆን ኖሮ ከራሳችን ቤት በጀመርን።

ነገሩ «የፈረንጅ ቅዠት» ነው የሚለውን ልለፈው ብል እንኳ አልችልም። ጅብ የሚሆን ሰው ከለንደን የመጣ ነው እንዴ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙት እንግሊዛውያን ፒርስና ፓርኪንስ፣ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስለተገኘበት ጅብ ከእኛው ሰዎች የሰሙትን ጽፈው ሄደዋል። ጉትቻው የባለ እጅ ሴት ነው ማለት ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆና ስትሄድ ማውለቅ ረስታ። ፈረንጆቹ ይህን የጻፉት ከእኛ ሰምተው ነው እንጂ እኛ ከእነሱ አልሰማንም። ክታቡስ? ብራናው በባለቤቲቱ ቁመት ተለክቶ የሚቆረጥ፣ ውስጡ ስሟ የሚጻፍበት፣ ሕፃናትን ትገድላለች ከምትባለው ወርዘልያ የሚያስጥለው የሱስንዮስ ጸሎት ያለበት። ዛሬ በለንደንና በፓሪስ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እየሄደ የሚያየው የእኛው ደብተራ የጻፈው ነው። ባለቤቶቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ተራ የሆነች ሴት ልጅ ከአስማት ጋር መገናኘቷ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስትገናኝ ግን ሁልጊዜ ወይ ተጠቂ ናት፣ ወይ ተከሳሽ ናት፣ ወይ ክታብ አንጠልጣይ ናት። ብዕሩን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ያደረገችው ብዕሩን መቀበል ነው፤ ዜሮውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ደግሞ እኮ አገሩ ደቡብ ጎንደር ነው! ቆራጣን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ የሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን ባሏን ጥላ፣ ንጉሡን ራሱን ተቃውማ በጣና ዳር የኖረች ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1672 የተጻፈው ገድሏ በተአምር የተሞላ ነው። ጣና ላይ ጓንጉት የኖረችው ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ ሰይጣንን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ እስከ ሲኦል ወርዳለች። ገድልና ልብ ወለድ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ አንባቢ በዚህ ተቆጥቶ እንዳይደውልልኝ አደራ። የምለው ሴት ከረቂቁ ዓለም ጋር ፊት ለፊት ስትነጋገር መስማት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም ነው። አያቶቻችን ይህን ሰምተው አልተበላሹም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድስ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ የዘጌው ልጅ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀግናዋ ጦቢያ ናት። ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ለአገር የዞረች ልጃገረድ። መጨረሻዋ ያው ጋብቻ ቢሆንም መንገዱን የሄደችው በራሷ እግር ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ በሴት ልጅ ጉዞ ተጀምሮ ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ዛሬ ለልጃገረድ የሚሆን የጉዞ መጽሐፍ አምጡ ብትባሉ ስንት ትቆጥራላችሁ? በዚያው በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ሸክላ ሠሪውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን አትስደቡ ብለው። ልብ ወለዱና አዋጁ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ገሳይ አልደረሱም ልበል? ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1867 ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ቀልጦ የተሠራበት አገር ነው። ደብረ ታቦር በባለ እጅ ሥራ ትኮራለች፤ ባለ እጁን ግን ማዕድ ላይ አታቀርብም።

«ልጆች የሚጠቅማቸውን ያንብቡ» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ፤ ከእህቴ ነው የሰማሁት። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማትሪክ። እታለምን በዚህ አልፈርድባትም፤ ልጇን ከዚያ ብርድ የሚያወጣላት ማትሪክ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ግን አምስት ወር ሙሉ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች የታገለችው ለማትሪክ ብላ አይደለም። ማቲልዳ ብርጭቆውን ደፋችው ወይስ አልደፋችውም የሚለውን ለማወቅ ነው። እንግሊዝኛዋ ግን በዚያው ተሻሽሏል። እህቴም ይህን ታምናለች፤ አፏን ሞልታ ግን አትናገረውም።

ለልጆች የምናሳትማቸውን መጻሕፍት ገልጣችሁ አይታችሁ ይሆናል። ቀበሮና ፍየል፣ አንበሳና አይጥ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ «ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?»። አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ምክር ነበረበት፤ ግን ፊታቸው ነበረ፣ ድምፃቸው ነበረ፣ ራሳቸው ጅቡን ይሆኑት ነበር። እኛ ፊቱን ጥለን ምክሩን ያዝን። በተረቶቻችን ውስጥ ሴት ልጅ ስትመጣ ደግሞ ወይ በእንጀራ እናት የምትሰቃይ ናት፣ ወይ እንቆቅልሽ ለፈታ ወንድ የምትሸለም የንጉሥ ልጅ ናት። ሽልማት! ደግ ሥራ የሠሩም አሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፤ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍትም ሐዋሳ አካባቢ አዟዙሯል። የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ያው ስለ ሞኙ ማሞ ነው። ማሞ ሞኝ የመሆን መብት አለው። ማሚቱ መቼ ነው ሞኝ ሆና፣ መንገድ ስታ፣ ጅብ አናግራ፣ በሰላም ቤቷ የምትገባው?

ሌላው ዓለም ይህን ቀድሞን አድርጎታል፤ እነሱም ቢሆኑ በሰላም አላደረጉትም። አሊስ ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የካንሳሷ ዶሮቲ በ1900፣ የቁም ሳጥን በር ከፍታ በረዶ አገር የገባችው ሉሲ በ1950። ይህ ሁሉ አልፎ እንኳ አሜሪካኖቹ ስለ ሃሪ ፖተር ሲጣሉ ከርመዋል። የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት «ይነሳልን» የሚል አቤቱታ ከበዛባቸው መጻሕፍት አንደኛ ያደረገው እሱን ነው። ስለዚህ የገሳዩ መምህር ብቻውን አይደለም፤ ይጽናና።

ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ እጅ ላይ ባስቀምጥለት የምወደው የናይጄሪያ-አሜሪካዊቷ የንኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» ነው። በ2011 የወጣ መጽሐፍ። ሰኒ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ናይጄሪያ ውስጥ ትኖራለች፤ አልቢኖ ናት። በመልኳ ምክንያት ክፍሏ ውስጥ ትገለላለች። አልቢኖዎች በብዙ የአፍሪካ አገሮች በአስማት ስም ምን እንደሚደርስባቸው ታውቃላችሁ፤ ደራሲዋም ታውቃለች። ታዲያ ምን አደረገች? «ልጆች፣ አልቢኖን አትናቁ» ብላ ምክር አልጻፈችም። ልጅቷን እውነተኛ ኃይል ሰጠቻት። የተሰደበችበትን ነገር የጉልበቷ በር አደረገችው። ገሳይ ያለችው ልጅ ይህን መጽሐፍ አላየችውም፤ ስሙንም አልሰማችም። በራሷ ጉና ላይ፣ በራሷ ጅብ፣ እዚያው መንገድ ላይ ደረሰች።

«ልጆችን ያስፈራል» የሚለውን መልስ ለመስጠት ልቤ አይነሳልኝም። ከዚያ ጥር በኋላ አገሩ ያየውን እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ፣ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ፣ እነዚያ ልጆች እዚያው ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ተኩስ በርትቶ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህን ያየ ልጅ ፍም ዳር ተቀምጣ ብርድ የምታባርር ጅብ ታስፈራዋለች? እኔ ልጅ ብሆን አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

ድርሰቱ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ እህቴ «ውሰድልኝ፣ ከቤቴ ይውጣ» ብላ ሰጥታኛለች፤ ቀዩ ዜሮ ደብዝዟል። ልመለስ ስል የእህቴን ልጅ ለብቻዋ ጠይቄያት ነበር፤ «ያቺ ጓደኛሽ ይህን ስትሰማ አትከፋም?» ብዬ።

«ሰምታዋለች» አለችኝ። ለካ ገበያ ላይ፣ እናቷ ገንቦ በምትሸጥበት፣ ከጀርባ ተቀምጠው አንብባላታለች።

«ታዲያ ምን አለች?»

«እንስራዎቹን እንዳላሰብራቸው ነገረችኝ። አንዱን ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አታውቂም ወይ አለችኝ። ውስጡ ያለውን ደፍተሽ ውኃ ቅጂባቸው አለች።»